ከዋክብት የሌሉበት ሰማይ
ጥቁር የጠፈር ደመናን ከጓሮ ሆኖ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በሌሊት ሰማይን የሚመለከት ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፈው በሚያበራው ነገር ላይ ነው። ጨረቃን ያደንቃል፤ የንጋት ኮከብን ይፈልጋል፤ ከዋክብትን ለመቁጠር ጀምሮ ይተዋል። በከዋክብቱ መካከል ስላለው ጨለማ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ጨለማ ማለት ምንም የሌለበት ባዶ ስፍራ ይመስለዋልና። ውድ አንባቢዎች፣ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ግምት ልክ አለመሆኑን ማስረዳት፣ ቀጥሎም ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ በከተማ ዳር ካለው ጓሮው ሳይወጣ የዚህን ጨለማ መልክ በፎቶግራፍ ሊይዝ እንደሚችል ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ወሮቹና ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።

የገጠር ልጅ የሆናችሁ ሁሉ ፍኖተ ሐሊብን ታውቁታላችሁ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ፈሰሰ ወተት ተዘርግቶ የሚታየው ነጭ መንገድ፣ ለየብቻ ሊለዩ የማይችሉ እጅግ ብዙ ከዋክብት ብርሃን ነው። ይህን መንገድ ልብ ብሎ ያየው ሰው ነጭነቱ አንድ ወጥ አለመሆኑን ይገነዘባል። በመካከሉ ጥቁር ስንጥቅና ጥቁር ጉድጓድ የሚመስል ቦታ አለበት። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ይኖሩ የነበሩት የኢንካ ሰዎች በዚህ ጥቁር ቦታ ላይ ላማ የምትባለዋን የጭነት እንስሳቸውን ሥዕል ያዩ ነበር። የአውስትራሊያ የጥንት ነዋሪዎችም ኢሙ የተባለችውን ሰጎን መሳይ ወፍ በዚያው ጨለማ ውስጥ ያሳያሉ። እነዚህ ሕዝቦች የሰማይን ሥዕል የሠሩት በከዋክብት ብቻ ሳይሆን በጨለማውም ጭምር ነው።

ቀዳዳ ወይስ ደመና?

ትውልዱ ጀርመናዊ፣ ኑሮው በእንግሊዝ አገር የነበረው ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ኸርሸል በ1785 ስለ ሰማይ አሠራር በጻፈው ጽሑፍ እነዚህን ጥቁር ቦታዎች ከዋክብት የጎደሉባቸው ክፍተቶች አድርጎ ቈጥሯቸው ነበር። በእርሱ አሳብ ከዋክብቱ ከዚያ ስፍራ ተስበው ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ተሰበሰቡ ቦታው ባዶ ቀርቷል። ይህ አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀባይነት አግኝቶ ኖረ። ለመለወጡም ብዙ የደከመው ሰው ከድሀ ቤት የተነሣ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር።

ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ በ1857 በአሜሪካ በቴኔሲ ክፍለ ግዛት በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሳይወለድ ስለ ነበር እናቱ ሁለት ልጆችዋን በከባድ ድህነት አሳደገች። ባርናርድ ትምህርት ቤት የገባው ለሁለት ወር ያህል ብቻ ሲሆን የቀረውን ያስተማረችው እናቱ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ሲል ከአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። ሥራውም በጣራ ላይ የተተከለውን ትልቅ የፎቶግራፍ ማጕያ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ወደ ፀሐይ እያዞሩ ማቆየት ነበር፤ በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚጐላው በፀሐይ ብርሃን ነበርና። ከእርሱ በፊት የነበሩት ልጆች በዚህ አሰልቺ ሥራ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸው ነበር ይባላል። እርሱ ግን አልተኛም። የሰማይን አካል በትዕግሥት መከተልን የተማረው በዚያ ጣራ ላይ ነው።

ባርናርድ ከዓመት ደመወዙ አብዛኛውን አውጥቶ ቴሌስኮፕ ገዛ፤ ጅራታም ከዋክብትን እየፈለገ በማግኘት ስሙ ታወቀ፤ በመጨረሻም በካሊፎርኒያ ሊክ በተባለው የከዋክብት መመልከቻ ሥራ አገኘ። በ1892 የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ ያገኘው እርሱ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ሥራው ግን በ1889 ፍኖተ ሐሊብን ፎቶግራፍ ማንሣት መጀመሩ ነው። የተጠቀመበትም ሌንስ ለሥነ ፈለክ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ቀድሞ በፎቶግራፍ ቤት የሰዎች መልክ ይነሣበት የነበረ አሮጌ ሌንስ ነው። ለብዙ ሰዓታት በብርድ ተቀምጦ መሣሪያውን በእጁ እያስተካከለ ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ፣ ጥቁሮቹ ቦታዎች ከዚያ በፊት ማንም ባላያቸው ብዛትና ጥራት ወጡ።

ባርናርድ ራሱም በመጀመሪያ ቀዳዳ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። አሳቡን የለወጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1916 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ትንንሽ ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት ሲያልፉ ተመለከተ፤ እነዚያም ተራ የምድር ደመናዎች በብሩሁ ሰማይ ላይ የቀለም ጠብታ መስለው ጠቈሩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በስተኋላው ብርሃን ያለ ደመና ጥቁር ሆኖ ይታያል። በጠፈር ውስጥ ያሉት ጥቁር ቦታዎችም እንዲሁ የከዋክብትን ብርሃን የሚጋርዱ ደመናዎች ቢሆኑስ? በ1919 ባርናርድ 182 ጥቁር አካላትን ቈጥሮ መዝገባቸውን አወጣ። በ1923 ከሞተ በኋላ በ1927 በታተመው የሥዕል መጽሐፉ ቍጥራቸው 349 ደረሰ። መጽሐፉ የታተመው በ700 ቅጅ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ የተለጠፉትን ከ35 ሺህ የሚበልጡ ፎቶግራፎች ባርናርድ በሕይወት ሳለ አንድ በአንድ መርምሯቸው ነበር። በ1930 ሮበርት ትራምፕለር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሊቅ የከዋክብት ክምችቶችን ርቀት መርምሮ፣ በከዋክብት መካከል ብርሃንን የሚያደክም ትቢያ መኖሩን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ተዘጋ።

በደመናው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጥቁር ደመና አብዛኛው ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ ነው። ከክብደቱ ከመቶ አንድ ያህሉ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ትቢያ ሲሆን፣ የአንዱ ቅንጣት ስፋት የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ክፍል እንኳ አይሞላም። ትቢያ ከምንለው ይልቅ የጐጆ ጭስ ብንለው ይቀርባል። ደመናው እኛ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲነጻጸር ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ውፍረቱ በትሪሊዮን ኪሎሜትር የሚቈጠር ስለ ሆነ በስተኋላው ያለውን ብርሃን ፈጽሞ ያስቀራል። በባርናርድ መዝገብ 68ኛ የሆነው ትንሽ ደመና ከእኛ 500 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ስፋቱ ግማሽ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሊቃውንት በቺሌ አገር ባሉ ታላላቅ ቴሌስኮፖች፣ ዓይን በማያየው ከቀይ በታች ባለው ብርሃን ሲያዩት፣ በስተኋላው ተሸሽገው የነበሩት ከዋክብት ወጥተው ታዩ። ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ በስተኋላው ምንም ባልተገኘ ነበር።

ይህ ብርድና ጨለማ የሞት ስፍራ አይደለም። በ1947 ባርት ቦክ እና ኢዲት ራይሊ ትንንሾቹ ጥቁር ደመናዎች ከዋክብት የሚፀነሱባቸው ቦታዎች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል አሳብ አቀረቡ። በ1990 የወጣ ምርመራ ከእነዚህ ደመናዎች በብዙዎቹ ውስጥ በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት መኖራቸውን አረጋገጠ። ጋዙ እጅግ ስለ ቀዘቀዘ የራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኮከብ ይሆናል። የእኛም ፀሐይ በጥንት ዘመን ከእንዲህ ያለ ጨለማ ወጥታለች።

ከጓሮ እንዴት ይነሣል?

ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይህን ባስረዳ ቍጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «መምህር፣ ደመናው ብርሃን ከሌለው ካሜራው ምኑን ያነሣል?» መልሱ፣ ካሜራው የሚያነሣው በስተኋላ ያሉትን ከዋክብት ነው፤ ደመናው ከዋክብቱ ሲነሡ የሚተርፈው ቅርጽ ነው። በበር ላይ የቆመ ሰው ከበስተኋላው ብርሃን ካለ መልኩ ባይለይም ቁመናው እንደሚታይ ማለት ነው።

የከተማ ዳር ሰው ችግር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። የመንገድና የቤት መብራት ወደ ላይ ወጥቶ በአየሩ ውስጥ ይበተንና በእኛና በጠፈር መካከል እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። በጠመኔ ብናኝ የተለወሰ ጥቁር ሰሌዳን አስቡ። ጽሕፈቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሰሌዳው ራሱ ስለ ነጣ ፊደሉና ሰሌዳው ተመሳሰሉ። ጥቁር ደመናም በከተማ ሰማይ ላይ ጥቁር አይሆንም፤ ከጎኑ ካለው ሰማይ በጥቂቱ ብቻ የደበዘዘ ግራጫ ይሆናል። ይህን ጥቂት ልዩነት ዓይን አይለየውም። ካሜራ ግን ይለየዋል፤ ምክንያቱም ካሜራ የቆጠረውን ብርሃን ማከማቸት ይችላል።

የሥራው ምስጢር አንድን ቦታ ደጋግሞ ማንሣትና ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር መደራረብ ነው። በገበያ ጫጫታ መካከል አንድ ሰው በለሆሳስ አንድ ቃል ሲደጋግም አስቡ። ጫጫታው በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ደጋግማችሁ ብትሰሙት ቃሉ ይለያል። በፎቶግራፍ ላይም የዘፈቀደ ነጠብጣቡ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የደመናው ቅርጽ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሒሳቡም የታወቀ ነው፤ 4 ፎቶግራፎች ጥራቱን በ2 እጥፍ፣ 9 በ3 እጥፍ፣ 100 በ10 እጥፍ ያሻሽላሉ። በከተማ ዳር ያለ ሰማይ ከገጠሩ በ10 እጥፍ የበራ ነው ብንል፣ ገጠር በ1 ሰዓት የሚገኘውን ውጤት ለማግኘት በጓሮ 10 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ሌሊት 3 ሰዓት ብትሠሩ በአራተኛው ሌሊት ይሞላል። የገጠር ጉዞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጓሮው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ለመሣሪያው፣ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚይዙት ዓይነት ካሜራ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ለመጀመሪያ ይበቃል። የባርናርድም ሌንስ የሰው መልክ ማንሻ እንደ ነበረ አትርሱ። ሌላው ችግር የምድር መዞር ነው። ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ዝም ብሎ ከቆመ፣ በዚህ ሌንስ ከ8 ወይም ከ10 ሰከንድ በኋላ ከዋክብቱ መስመር እየሆኑ ይወጣሉ። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን መሣሪያ ማንኛውም አናጢ ሊሠራው ይችላል። ሁለት ጣውላዎች በበር ማጠፊያ ይያያዛሉ፤ ከማጠፊያው 229 ሚሊሜትር ርቆ፣ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር የሚገፋ ብሎን ከነዳዶው ይገባል። ማጠፊያው በምዕራብ፣ ብሎኑ በምሥራቅ በኩል ሆኖ፣ ብሎኑን በየደቂቃው አንድ ዙር ብታዞሩት፣ ካሜራው የታሰረበት የላይኛው ጣውላ ልክ በከዋክብቱ ፍጥነት ይከፈታል።

ማጠፊያው ወደ ሰሜን የሰማይ ዋልታ ማመልከት አለበት። በአዲስ አበባ ይህ ዋልታ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የሰሜን ኮከብም በዚያው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ለብዙ ጓሮ ቤት ወይም ዛፍ ወይም ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ በቀን ቀጥ ያለ እንጨት ተክላችሁ ጥላው ከሁሉ የሚያጥርበትን ጊዜ ጠብቁና መስመሩን በመሬት ላይ አስምሩ፤ ያ መስመር የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል፤ ሌላ ጊዜ ምረጡ። ከዚያ በማዕዘን መለኪያ 9 ዲግሪ ቀና አድርጉት። በዚህ አኳኋን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 1 ደቂቃ ማንሣት ይቻላል።

አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሌንስ ሁሉ በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ያጨልማል፤ በካሜራው ውስጥ የገባ ብናኝም ጥቁር ጥላ ይጥላል። ጥቁር ነገር የሚፈልግ ሰው ይህን ጥላ የጠፈር ደመና አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ሌንሱን በነጭ የነጠላ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ትኩረቱን ሳትነኩ ጥቂት ፎቶግራፎች አንሡ፤ ሲሪል የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም በእነዚህ እየመዘነ የሌንሱን ጉድለት ያስወግዳል፤ መደራረቡንም እርሱ ይሠራዋል። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ በማግስቱ ካሜራውን አዙራችሁ አንሡ። ጥላው ከካሜራው ጋር ከዞረ ብናኝ ነው፤ ከከዋክብቱ ጋር ከቀረ ደመና ነው።

ምን ይነሣ? መቼ?

ለጀማሪ የምመርጠው በባርናርድ መዝገብ 142ኛና 143ኛ የሆኑትን ደመናዎች ነው። ሁለቱ ተያይዘው የላቲኑን «ኢ» ፊደል ስለሚመስሉ «የባርናርድ ኢ» ይባላሉ፤ በሰማይ ላይ የሚይዙት ቦታ ከሙሉ ጨረቃ አያንስም። የሚገኙት አልታይር በተባለው ብሩህ ኮከብ አጠገብ ነው። አልታይር በግራና በቀኙ ሁለት ደብዛዛ ከዋክብት እንደ አጃቢ ስላሉት በቀላሉ ይታወቃል፤ ደመናዎቹም በሰሜን በኩል ካለው አጃቢ ጥቂት ወደ ምዕራብ ናቸው። ለእኛ አገር ይህ ልዩ ዕድል ነው፤ አልታይር በአዲስ አበባ ላይ ሲያልፍ ልክ በአናት በላይ ስለሚሆን፣ የከተማው ብርሃን በሚበረታበት በአድማስ በኩል ማየት አያስፈልግም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ በአናት ላይ ይገኛል። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት መርጣችሁ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሥሩ።

በታኅሣሥና በጥር ደግሞ በኦሪዮን ቀበቶ አጠገብ የፈረስ ራስ የተባለው ደመና፣ የባርናርድ 33ኛ፣ ከፍ ብሎ ይወጣል። ይህን በ1888 በፎቶግራፍ ላይ ያገኘችው ዊልያሚና ፍሌሚንግ፣ ከስኮትላንድ መጥታ በአሜሪካ በአንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቤት የቤት ሠራተኛ የነበረች፣ ኋላም በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ የተቀጠረች ሴት ናት። ደመናው ትንሽ ስለ ሆነ ረዥም ሌንስ ወይም ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። በስተኋላው ያለው ሃይድሮጅን በአንድ ዓይነት ቀይ ብርሃን ስለሚያበራ፣ ያንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ የከተማውን መብራት ይከላከለዋል። ለሌሎቹ ደመናዎች ግን ማጣሪያ ብዙም አይረዳም፤ የከዋክብት ብርሃን ሁሉን ቀለም የያዘ ነው፤ የዛሬው ነጭ የመንገድ መብራትም እንዲሁ ነውና።

ያለ ካሜራ ለማየት የሚወድ ሰው በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሰማይ ከጠራና ከተማ ከራቀ ወደ ደቡብ ይመልከት። የደቡብ መስቀል ከተባሉት አራት ከዋክብት አጠገብ «የከሰል ጆንያ» የሚሉት ጥቁር ደመና ከአድማስ 18 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ከአገሩ ሆኖ ሊያየው አይችልም።

የሚጠፋው ነገር

ባርናርድ በ1905 ካሜራውን ወደ ካሊፎርኒያ ወደ ዊልሰን ተራራ ወሰደ፤ በመጽሐፉ ካሉት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የተነሡት በዚያ ነው። ከተራራው ግርጌ ያለችው ሎስ አንጀለስ በ1900 የነበራት ሕዝብ መቶ ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ የዚያ ከተማና የአካባቢው ብርሃን ሰማዩን ስለ ሸፈነው፣ ባርናርድ ያየውን ጨለማ በዚያ ተራራ ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም። በ2016 የወጣ የዓለም የብርሃን ካርታ፣ ከሰው ልጅ ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ስፍራ ማየት እንደማይችል አስታውቋል።

በእኛም አገር በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከግርጌያቸው ያለችው ከተማም በየዓመቱ ትሰፋለች። መብራት አይኑር የሚል የለም፤ በመብራት ሥር ያጠና ተማሪ ይህን አይልም። ነገር ግን ወደ ሰማይ የሚበራ መብራት ለማንም መንገድ አያሳይም፤ የሚያጠፋው ገንዘብና ሰማይ ነው። በላዩ ቆብ የተደረገለት መብራት በዚያው ኃይል ለመንገዱ የበለጠ ያበራል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች ነገ የመንገድ መብራት ግዢ ወረቀት በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ «ይህ መብራት ቆብ አለውን?» ብላችሁ ለመጠየቅ ሥልጣኑ ይኖራችኋል።

እስከዚያው ድረስ የጓሮአችሁን መብራት አጥፍታችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያው ሌሊት ፎቶግራፍ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ በዚያ ተስፋ አትቁረጡ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ደርቡት። በአራተኛው ሌሊት በግራጫው መካከል አንዲት ጥቁር ፊደል ትነበባለች።